ጨረታ፣ ማስከበሪያ፣ ጽዳት፤ በአነስተኛ ተቋማት የጽዳት ውል ውስጥ ስለሚገኙ ቃላት

1. መግቢያ

የከተማ አስተዳደሮችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች መንገድ የማስጠረግ፣ ቆሻሻ የማስነሣትና ሕንፃ የማስጸዳት ሥራቸውን በከፊል የሚያሠሩት በውል ነው። ውሉን ከሚወስዱት መካከል በማኅበር የተደራጁ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ይገኙበታል። እነዚህ ተቋማት ሥራውን የሚሠሩት በመጥረጊያና በጋሪ ቢሆንም፣ የሚያገኙት ግን በጽሑፍ ነው፤ ማስታወቂያ አንብበው፣ ሰነድ ወስደው፣ ቅጽ ሞልተው፣ በመጨረሻም ውል ፈርመው። ስለዚህ በሰነዱ ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲይዝ፣ ወይም ሁለት ቃላት ለአንድ ነገር ሲቆሙ፣ ጉዳቱ የሚወድቀው በአንባቢው እንጀራ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእንዲህ ዓይነቱ ሰነድ ውስጥ ዘወትር የሚገኙትን ቃላት ከአመሠራረታቸውና ከአገባባቸው አንጻር መርምሮ፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የሚጠቅም ሐሳብ ማቅረብ ነው። የአማርኛውን ትክክለኛነት መጠበቅ ለውበት ብቻ ተብሎ የሚደረግ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3 ሕግጋት በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተሙ ሲደነግግ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝ የአማርኛው እንዲጸና አዟል። ሰነዱ ግን ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ የሚቀዳ በመሆኑ፣ አማርኛው የትርጉም ሥራ ነው። እንግዲህ በተርጓሚው ጠረጴዛ ላይ የተፈጠረ ብዥታ በተጫራቹ ላይ ግዴታ ሆኖ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

በቅድሚያ የውል ሰጪውን ስም እንመልከት። በብሪታንያ አሠራር ሕዝብ የመረጠው ጉባኤም ሆነ ውል የሚዋዋለው የአካባቢ አስተዳደር በአንድ ስም ይጠራል። ይህን ስም በየቦታው «ምክር ቤት» እያሉ መተርጎም የአማርኛ አንባቢን ያሳስታል። በአማርኛ ምክር ቤት ይመክራል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ይቆጣጠራል፤ ጨረታ የሚያወጣውና ውል የሚፈርመው ግን «አስተዳደር»፣ «ጽሕፈት ቤት» ወይም «ማዘጋጃ ቤት» ነው። ቃሉ እንደ አገባቡ ሊለያይ ይገባዋል።

2. «ጨረታ» እና ሁለቱ አቅጣጫዎቹ

ከዚህ ቃል ቤተሰብ በሥራ ላይ ያሉት «ተጫረተ»፣ «ተጫራች»፣ «አጫረተ»፣ «አጫራች» እና «ጨረታ» ናቸው። «ጨረተ» የሚል ነጠላ አድራጊ ግሥ በዛሬው አማርኛ አይሰማም። «ተጫረተ» እንደ «ተጋፋ» እና «ተዋጋ» ያለ የተደራራጊ መልክ የያዘ ሲሆን፣ «አጫረተ» የአደራራጊው መልክ ነው። ከዚህ የምንረዳው መፎካከር በቃሉ ቅርጽ ውስጥ ያለ መሆኑን ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አይጫረትም። በአንድ ቃለ ጉባኤ «ብቸኛ ተጫራች» የሚል ሐረግ ሲገኝ ጆሮን የሚቆረቁረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቃሉ ፉክክርን ቢናገርም የፉክክሩን አቅጣጫ አይናገርም። መሥሪያ ቤት ያረጀ ተሽከርካሪ ሲሸጥ ወይም መሬት በሊዝ ሲተላለፍ የሚያሸንፈው ብዙ የሰጠ ነው። አገልግሎት ሲገዛ ግን የሚያሸንፈው፣ ሌላው መመዘኛ ከተሟላ፣ ጥቂት የጠየቀ ነው። ሁለቱም «ጨረታ» ይባላሉ። በተራው ሕዝብ ጆሮ የመጀመሪያው ይበልጥ የተለመደ ነው፤ ለበጎ አድራጎት በሚደረግ ገቢ ማሰባሰቢያ ላይ እንኳ ጨረታ ማለት ዋጋ እየጨመሩ መሄድ ነው። ከዐረብኛ የመጣው «ሐራጅ» ደግሞ በፍርድ አፈጻጸምና በመያዣ ሽያጭ ላይ ጸንቶ ይገኛል።

የአቅጣጫው አለመለየት ወደ ሌሎች ቃላትም ይጋባል። «መነሻ ዋጋ» በሽያጭ ጨረታ ከእርሱ በታች መውረድ የማይቻልበት ወለል ነው። ይኸው ቃል ወደ ግዥ ሰነድ ሲገባ መሥሪያ ቤቱ ለራሱ የያዘውን ግምት ይጠቁም ወይስ ጣራ ይሁን፣ አይታወቅም። «ዝቅተኛ ዋጋ»ም እንደዚሁ ነው። ከኤንቨሎፑ ሲወጣ የተነበበው ዝቅተኛ ዋጋና፣ የሒሳብ ስሕተቱ ታርሞ፣ በሕግ የተፈቀደው አስተያየት ተደርጎለት፣ ከሌሎቹ ጋር ከተነጻጸረ በኋላ የተገኘው ዝቅተኛ ዋጋ አንድ አይደሉም። አሸናፊው የሚለየው በሁለተኛው ሆኖ ሳለ ማስታወቂያው «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል» ብሎ ሲያልፍ፣ ተጫራቹ የመጨረሻውን ሣንቲም እስኪቀንስ ይገፋፋል። በጽዳት ሥራ ደግሞ ከዋጋው አብዛኛው የሠራተኛ ደመወዝ ስለሆነ፣ ቅነሳው የሚያርፈው በጠራጊዋ ላይ ነው።

አዲስ ቃል መፍጠር ያስፈልጋል ብለን አናምንም። «የግዥ ጨረታ» እና «የሽያጭ ጨረታ» ብሎ መዘርዘር፣ «ሐራጅ»ንም ለፍርድና ለመያዣ ሽያጭ መተው በቂ ነው። «መነሻ ዋጋ» ለሽያጭ ጨረታ ብቻ ቢውል፣ በግዥ በኩል «የግዥ ግምት»፣ «የቀረበ ዋጋ» እና «የተገመገመ ዋጋ» ተለይተው ቢቀመጡ ብዥታው ይወገዳል።

የግዥ ዘዴዎች ስሞች በሕግ በኩል መልክ ይዘዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ግልጽ ጨረታን፣ ውስን ጨረታን፣ በሁለት ደረጃ የሚፈጸም ጨረታን፣ የመወዳደሪያ ሐሳብ በመጠየቅ፣ በዋጋ ማቅረቢያና ከአንድ አቅራቢ የሚፈጸም ግዥን ለይቷል። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። የክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ግዥ በየራሳቸው ሕግ ቢመራም የሚሠሩባቸው ቃላት በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። በንግግር ግን «ዋጋ ማቅረቢያ» በሚለው ፈንታ «ፕሮፎርማ» ነግሧል። የዚህም ምክንያት ግልጽ ይመስለናል። «ማቅረቢያ» የማቅረቢያ መሣሪያ፣ ቦታ ወይም ጊዜ ሊሆን ስለሚችል፣ ወረቀቱ የመሥሪያ ቤቱ ጥያቄ ይሁን የነጋዴው መልስ አይለይም። ጥያቄውን «የዋጋ መጠየቂያ»፣ መልሱን «የዋጋ ማቅረቢያ» ማለት ይሻላል።

3. «ዋስትና»፣ «ማስከበሪያ» እና «መያዣ»

ዋስ በአገራችን ልማድ ሰው ነው። ባለዕዳ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም በሰው ፊት ቆሞ ቃል ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 1920 ጀምሮ ስለ ዋስትና ሲደነግግ፣ ባለዕዳው ግዴታውን ባይፈጽም ለመፈጸም ሌላ ሰው የሚገባውን ቃል ይገልጻል። «መያዣ» ግን ንብረት ነው። «ማስከበሪያ» ደግሞ «አስከበረ» ከሚለው የመጣ የመሣሪያ ስም በመሆኑ፣ አንድ ቃል ወይም ውል እንዲከበር የሚያደርገውን ማንኛውንም ነገር ያመለክታል፤ ጥሬ ገንዘብም ይሁን ሲፒኦ ወይም የባንክ ዋስትና።

ስለዚህ ማስከበሪያ ሰፊው፣ ዋስትና በእርሱ ሥር ከሚገኙት አንዱ ነው። የጨረታ ማስታወቂያዎች ግን «የጨረታ ማስከበሪያ ዋስትና በሲፒኦ» የሚል ድርብርብ ሐረግ ያወጣሉ። ሲፒኦ የተከፈለ ገንዘብ እንጂ የሦስተኛ ወገን ቃል ስላልሆነ፣ በጠባዩ ዋስትና ሊባል አይችልም። ባለሙያ ሐረጉን በልምድ ይረዳዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫረት ማኅበር ግን ሲፒኦ ያምጣ ወይስ ዋስ፣ ሁለቱንም ያቅርብ ወይስ አንዱን፣ ሊለይ አይችልም።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ለማሳየት ሁለት ልኮችን እናነጻጽር። በ2002 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የግዥ መመሪያ መሠረት የውል ማስከበሪያ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ ደግሞ በአገልግሎት ዘርፍ ጥቃቅን የሚባለውን እስከ 5 ሰዎች የሚያሠራና ጠቅላላ ሀብቱ ከ50,000 ብር የማይበልጥ፣ አነስተኛ የሚባለውንም ከ6 እስከ 30 ሰዎች የሚያሠራና ሀብቱ ከ500,000 ብር የማይበልጥ ብሎ ወስኖ ነበር። አንድ የዓመት ጽዳት ውል 600,000 ብር ያወጣል ብንል፣ ማስከበሪያው 60,000 ብር ይሆናል። ይህም ከአንድ ጥቃቅን ተቋም ጠቅላላ ሀብት ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ችግር ለማቃለል ሲባል፣ ተቋማቱ በማስከበሪያው ፈንታ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ እንዲያቀርቡ ተፈቅዶላቸዋል።

እዚህ ላይ «ዋስትና» ወደ ጥንተ ትርጉሙ ይመለሳል፤ አደራጁ መሥሪያ ቤት ዋስ ሆኖ ይቆማልና። ነገር ግን አንዳንድ ማስታወቂያ «የዋስትና ደብዳቤ» ሲል፣ ሌላው «የድጋፍ ደብዳቤ» ይላል። ሁለቱ አይመሳሰሉም። የድጋፍ ደብዳቤ ተቋሙ በሕግ የተደራጀ መሆኑን ይመሰክራል፤ ደብዳቤውን የጻፈው አካል ግን በምንም አይገደድም። የዋስትና ደብዳቤ የጻፈ ግን ግዴታ ይገባል። ድጋፍ ያመጣ ዋስትና ከሚጠይቅ ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ፣ ዋጋው ሳይነበብ ከውድድር ሊወጣ ይችላል። አንድ ቃል በቦታው አለመዋሉ ለአንድ ማኅበር አባላት የዓመት ሥራ ማጣት ነው።

4. «ጽዳት»፣ «ጠረጋ»፣ «ማንሣት»፣ «ማስወገድ»

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ይገኛል። «ጽዳት» «ጸዳ» ከሚለው የማይሻገር ግሥ የወጣ ስም ነው። መልኩም «ስፋት» ከ«ሰፋ»፣ «ጥራት» ከ«ጠራ»፣ «ንቃት» ከ«ነቃ» እንደወጡበት ነው። እነዚህ ሁሉ የሁኔታ ስሞች ናቸው፤ የተደረገውን ሳይሆን የተደረሰበትን ይናገራሉ። «ጠረጋ» ግን «ጠረገ» ከሚለው ተሻጋሪ ግሥ እንደ «ዘረፋ»፣ «ለቀማ» እና «ሸመታ» የወጣ የድርጊት ስም ነው።

በዕለት ተዕለት ንግግር «ጽዳት» የሥራ ስም ሆኖ ስላገለገለ ልዩነቱ አይሰማንም። በውል ውስጥ ግን ልዩነቱ ገንዘብ ነው። ለጠረጋ የተዋዋለ በቀን ሁለት ጊዜ ጠርጎ ግዴታውን ይፈጽማል። ለጽዳት የተዋዋለ ግን መንገዱ ጽዱ ሆኖ መገኘቱን ቃል እንደ ገባ ሊቆጠርበት ይችላል። ከጠረጋው ከአንድ ሰዓት በኋላ ገበያተኛ የሙዝ ልጣጭ ቢጥል፣ ዝናብ ደለል ቢያወርድ፣ ተቆጣጣሪው «ጽዳቱ አልተጠበቀም» ብሎ ክፍያ ሊያግድ ነው። ተጫራቹ ዋጋውን ያሰላው ለድርጊቱ ሲሆን፣ ውል ሰጪው የሚጠይቀው ውጤቱን ነው። ሁለቱም ቃሉን እንደየመብታቸው ይተረጉሙታል።

ሁለተኛው ጉድለት በቃላቱ ቤተሰብ ውስጥ ይታያል። «ጠረገ» ሙሉ ቤተሰብ አለው፤ ሠሪው «ጠራጊ»፣ መሣሪያው «መጥረጊያ»፣ ተጠርጎ የወጣው «ጥራጊ» ይባላል። «አጸዳ» «አጽጂ» እና «ማጽጃ» ቢኖሩትም፣ ጸድቶ ለሚወጣው ነገር ከሥሩ የበቀለ ስም የለውም። «ቆሻሻ» «ቆሸሸ» ከሚለው ከሌላ ሥር የመጣ ነው። በዚህ የተነሣ «ጽዳት» የሚል ውል የወጣውን ነገር በቀላሉ ይዘነጋል፤ ማን ያንሣው፣ እስከ የት ያድርሰው፣ በማን ወጪ? በአዲስ አበባ ማኅበራት ቆሻሻን ከቤት ለቤት ሰብስበው ገንዳ እስካለበት ሲያደርሱ፣ ከገንዳው ወደ ማስወገጃው ቦታ ማጓጓዝ የሌላ አካል ድርሻ ሆኖ የቆየበት አሠራር ይታወቃል። ክፍያውም በሜትር ኩብ የሚታሰብበት ጊዜ ነበር። ድንበሩ በአሠራር ቢታወቅም በቃል ካልተጻፈ፣ ጋሪ ብቻ ያለው ማኅበር የመኪና ሥራ ተዋውሎ ሊገኝ ይችላል።

«ማስወገድ» ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቋንቋ ደረጃ ነገሩን ከዐይን ማራቅ ማለት ነው፤ ወዴት እንደሚርቅ አይናገርም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በርእሱ «አያያዝ» የሚለውን መምረጡ፣ ጉዳዩ ከመጣል በላይ መሆኑን ያሳያል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተወገደበት የረጲው ክምር በሕዝብ አንደበት «ቆሼ» ተብሏል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ተወገደ የተባለው ነገር ሰው ከሚኖርበት ቦታ አልራቀም ነበር። መዝገበ ቃላት «ማስወገድ»ን ሲፈታ የመጨረሻውን ማረፊያ የሚጠይቅ ሙያዊ ትርጉም ሊጨምርለት ይገባል የምንለው ስለዚህ ነው።

የፊደሉም ጉዳይ አለ። ቃሉ ከግእዙ «ጸዐዳ» ጋር ዝምድና ያለው በመሆኑ በጸሎቱ «ጸ» መጻፍ ይገባዋል። ሆኖም «ፅዳት» ተብሎ በፀሐዩ «ፀ» በብዛት ይጻፋል። ድሮ ይህ የሊቃውንት ክርክር ነበር፤ ማስታወቂያ በኮምፒዩተር በሚፈለግበት በዛሬው ጊዜ ግን «ጽዳት» ብሎ የፈለገ «ፅዳት» ተብሎ የወጣውን ጨረታ ሳያገኘው ሊቀር ይችላል።

5. ቀንና ሰዓት

በማስታወቂያዎች ላይ «ለ15 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚል አነጋገር ተደጋግሞ ይታያል። «ተከታታይ ቀናት» በዓልና እሑድን ጨምሮ ይቆጠራል፤ «የሥራ ቀናት» ሳይጨምር። ሁለቱን ማዳቀል አንዱን በሌላው ማፍረስ ነው። በሳምንት 5 የሥራ ቀን ብንይዝ 15 የሥራ ቀናት 21 ቀን ይሆናሉ፤ የ6 ቀን ልዩነት አለ። «ከወጣበት ቀን ጀምሮ» የሚለውም ማስታወቂያው የወጣበት ዕለት ይቆጠር አይቆጠር አይገልጽም። ከሁሉ የሚሻለው የመዝጊያውን ዕለት በቀን፣ በወርና በዓመተ ምሕረት መጻፍ ነው። የእንግሊዝኛው ቅጽ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ሲል፣ አማርኛው ከጠዋቱ 4:00 ሰዓት መሆን አለበት፤ ቁጥሩን እንዳለ የገለበጠ ተርጓሚ ተጫራቹን ከሳጥኑ መዘጋት በኋላ ያደርሰዋል።

«በወር» የሚለው ቃልም እንዲሁ መፈታት አለበት። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል፤ በመካከሉ የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናት አሉ። መንገድ በጳጉሜን አይጸዳም ተብሎ አይታለፍም። የወር ዋጋው ጳጉሜንን የሚያጠቃልል መሆን አለመሆኑ ካልተጻፈ፣ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ቀናት ይፈጠራሉ።

6. ለመዝገበ ቃላት የሚቀርቡ ፍቺዎች

የግዥ ጨረታ (ስ.)፦ ገዢው መሥሪያ ቤት ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማግኘት አቅራቢዎችን የሚያወዳድርበት ሥርዓት። ተቃራኒው የሽያጭ ጨረታ።

የተገመገመ ዋጋ (ስ.)፦ የሒሳብ ስሕተት ከታረመና የተፈቀደው አስተያየት ከተደረገ በኋላ ለማነጻጸሪያ የሚወሰድ ዋጋ።

የጨረታ ማስከበሪያ (ስ.)፦ ተጫራች ያቀረበውን ሐሳብ በጸናበት ጊዜ ውስጥ እንዳያነሣ፣ ካሸነፈም ውል እንዲፈርም የሚያስይዘው።

የውል ማስከበሪያ (ስ.)፦ ውል የፈረመ አገልግሎት ሰጪ ግዴታውን እንዲፈጽም የሚያስይዘው።

የዋስትና ደብዳቤ (ስ.)፦ ሦስተኛ ወገን ስለ ተጫራቹ ወይም ስለ አገልግሎት ሰጪው ግዴታ የሚገባበት ጽሑፍ። ከድጋፍ ደብዳቤ ይለያል።

ተጫራች፣ አሸናፊ ተጫራች፣ አገልግሎት ሰጪ (ስ.)፦ የአንዱ ወገን ሦስት ደረጃዎች ስሞች፤ የመጀመሪያው እስከ ውሳኔው፣ ሁለተኛው ከውሳኔው እስከ ፊርማው፣ ሦስተኛው ከፊርማው በኋላ።

ጠረጋ (ስ.)፦ ጥራጊን በመጥረጊያ የመሰብሰብ ድርጊት፤ በዙር ብዛትና በስፋት ይለካል።

ማንሣት (ግ. ስ.)፦ የተሰበሰበን ጥራጊ ወይም ደረቅ ቆሻሻ በውሉ እስከ ተገለጸው ገንዳ ወይም ማራገፊያ ማድረስ።

ጽዳት (ስ.)፦ 1. ጽዱ የመሆን ሁኔታ። 2. (በውል) ጠረጋን፣ ውልወላን፣ ማንሣትንና ሌሎች በዝርዝር የተጻፉ ሥራዎችን የሚያጠቃልል የአገልግሎት ስም፤ ዝርዝር ከሌለው ለውል አይበቃም።

7. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው፣ በዚህ መስክ አማርኛ የቃል ድህነት የለበትም። «ጥራጊ»ን ከ«ጠራጊ»፣ «ዋስ»ን ከ«መያዣ» ለይቶ የሚያውቅ ቋንቋ ነው። የጎደለው ያሉትን ቃላት በየድርሻቸው አጽንቶ መያዝ ነው። ተርጓሚዎች የጽዳት ውል ሲቀርብላቸው እያንዳንዱን ስም ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁት እናሳስባለን፤ ድርጊት ነው ወይስ ውጤት? የሚጀምረውና የሚያበቃው የት ነው? ግዴታው የማን ነው? እነዚህን መልሶ የተጻፈ ሰነድ፣ ዋጋውን በእርሳስ አስልቶ የሚያቀርበውን ማኅበር ከገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያ እኩል ያነበዋል። ከዚያ በኋላ የተሸነፈ ተጫራች ቢኖር፣ የተሸነፈው በዋጋ ወይም በሥራ ብቃት እንጂ ሰነዱን ባለመረዳት አይሆንም።